ለስኳር የተጨመሩ ሁለት ዓመታት

ዘርፉ አስፋው ዕድሜ ታውቃለች። የራሷን ማለቴ አይደለም፤ የራሷንማ የትኛዋም ሴት ታውቃለች፣ አትናገርም እንጂ። ዘርፉ የምታውቀው የሰፈሩን ሰው ሁሉ ዕድሜ ነበር። በዚያ ዘመን ናዝሬት ውስጥ የተወለደበትን ዓመት በቁጥር የሚናገር ሰው ከስንት አንድ ነው። ሌላው «ጣሊያን በወጣ በማግሥቱ»፣ «አንበጣው በመጣ ጊዜ»፣ «ታላቄ ኩፍኝ በወጣበት ክረምት» ይላል። ዘርፉ ይህን ሁሉ ሰምታ፣ እርሳሷን ከንፈሯ ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጋ «እንግዲያው ሠላሳ አራት ሞልቶዎታል» ስትል፣ ባለቤቱ በገዛ ዕድሜው ተደንቆ ይሄዳል። ስትሳሳት የተገኘችበት ቀን የለም። አንድ ቀን ብቻ አለ፤ ያንንም ቀን አልተሳሳተችም፣ አውቃ ነው።

ሙያው ከአባቷ የወረደ ነው። አቶ አስፋው ከቡልጋ መጥተው ፍርድ ቤቱ በር ላይ በዋርካው ጥላ ሥር ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ነበሩ። አንድ ልማድ ነበራቸው። ማመልከቻውን በንጹሕ ከገለበጡ በኋላ ረቂቁን አጣጥፈው ለባለጉዳዩ ይመልሱለታል። «ይህንንም ይዘህ ሂድ፤ ነገሩ ያንተ ነው» ይላሉ። ዘርፉ ትንሽ ልጅ ሳለች ለምን እንደማይጥሉት ብትጠይቃቸው ተቆጧት። የሰው ገመና ሜዳ ላይ አይጣልም፣ እኔም ቤት አይከርምም አሏት። ዘርፉ የአባቷን የእጅ ጽሑፍ ወረሰች። ልማዱንም የወረሰች መስሏት ነበር።

አቶ አስፋው ሲሞቱ ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ ጋሽ አብተው ነው። ጋሽ አብተው ድሮ በሞጆ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ አብዮቱ ሲመጣ ግን መሪ ጨብጦ የቀበሌው ሊቀመንበር ሆነ። ሣልስቱ ሳይወጣ «ያቺ ጽሕፈቷ የሚያምር ልጅ ቤት አትቀመጥም» ብሎ ዘርፉን የቀበሌው ጸሐፊ አደረጋት። ሌላው ሁሉ ጓድ አብተው ሲለው እሷ ጋሽ አብተው ማለቷን አልተወችም። ወንድም ስላልነበራት ወንድሜ ነው አለች። ሰው እንዲህ ነው የሚሞኘው፤ ውሃም ሲወስድ አሳስቆ ነው።

በ1974 ዓ.ም. ስኳር ጠፋ። ወንጂ እዚያ ማዶ ጭሱ እየታየ፣ ሸንኮራ የጫነው መኪና በአፍንጫዋ ሥር እያለፈ፣ ናዝሬት ሻይዋን በጨው ልትጠጣ ምንም አልቀራት። ቀበሌው ስኳርና ዘይቱን በኮታ ሊያድል ወሰነና፣ ለየቤቱ አንዳንድ የቤተሰብ ካርድ እንዲዘጋጅ ታዘዘ። በዚያ ቀበሌ ደንብ አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ሙሉ ሰው ነው፣ በወር አንድ ኪሎ ስኳር ያገኛል። ከዚያ በታች ያለው ግማሽ ሰው ነው፣ ግማሽ ኪሎ ያገኛል። ይህን ያወጣው ሰው ልጅ አሳድጎ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ስኳር የሚጨርሰው ማን ሆነና!

ሰዉ መጀመሪያ ፈራ። ፍርሃቱ ከመሬት የመጣ አልነበረም፤ ስሙ ወረቀት ላይ ወጥቶ የቀረ ሰው በየሰፈሩ ነበር። ዘርፉ ይህን ለጋሽ አብተው ስትነግረው ሳቀ። «እህቴ፣ ይህ ካርድ ከስኳርና ከዘይት አያልፍም። ሂጂና ንገሪያቸው፣ እኔ ብያለሁ በያቸው» አላት።

ዘርፉ ሄደች፣ ነገረች። ግን የጋሽ አብተውን ቃል ብቻ አልነበረም ይዛ የዞረችው። በየደጁ የራሷን መሐላ ጨመረችበት። «ከስኳርና ከዘይት ካለፈ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ» አለች። የአቶ አስፋው አጥንት ከተማው ውስጥ ዋጋ ነበረው። ሰዉ አፉን ከፈተ። ማን ከማን እንደወለደ፣ «እህቴ ናት» የተባለችው ልጅ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ስንተኛው ባል እንደሆነ፣ ማን የት ሸሽቶ እንደተደበቀ ሁሉ ነገሯት። የሚጻፈውን ጻፈች፣ የማይጻፈውን ዋጠች። ደስ ይላት ነበር። ሲያምኑሽ ደስ ይላል፤ ምን ይደረጋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ አዴ ኢፍቱ ቤት ደረሰች። አዴ ኢፍቱ የሸንኮራ ቆራጩ የገመዳ ሚስት ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም እየቸረቸረች አንድ ልጇን ቀነዓን ታሳድጋለች። ገመዳ ሲሞት ማመልከቻዋን የጻፉላት አቶ አስፋው ናቸው፤ የመለሱላትን ረቂቅ እስከዚያ ቀን ድረስ ሣጥኗ ውስጥ አስቀምጣዋለች።

«አካም ጅርታ፣ ዘርፉ ኮ! ግቢ፣ ግቢ» አለቻት፤ በርጩማውን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ።

ሰላምታው አለቀና ወደ ዕድሜ ገቡ። «ቀነዓ መቼ ተወለደ፣ አዴ ኢፍቱ?»

«ያ አዋሽ ሞልቶ የገመዳን ጎጆ የወሰደ ጊዜ ሆዴ ውስጥ ነበር። ውሃው ጎድሎ፣ ለመስቀል ወለድኩት።»

ዘርፉ እርሳሷን ከንፈሯ ላይ መታ መታ አደረገች። ያ ጎርፍ በሃምሳ ዘጠኝ ነሐሴ ነው። «አሥራ አራት ዓመቱ ነው» አለች። ይህን ስትል ቀነዓ ሙሉ ጆንያ ሽንኩርት በአንድ ትከሻው ተሸክሞ ገባ፤ አናቱ የበሩን ጉበን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። ዘርፉ ሳቀች። «እዩት እስቲ! ይህን ነው ግማሽ ሰው ብዬ የምጽፈው?»

«ምን ማለት ነው ግማሽ ሰው?»

ደንቡን አስረዳቻት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አሥራ ስድስት ልበለው። አሥራ አምስት ብል ጠርዝ ላይ ነው፣ ያጣሩታል። በዚህ ቁመቱ አሥራ ስድስት ብል ማን ይከራከረኛል?» አለቻት።

አዴ ኢፍቱ ወደ ልጇ አየች። «ውሸት አይሆንም?»

«ለስኳር የሚሆን ውሸት ነው። እግዜርም ቢሰማ ይስቃል።»

«ሌላ ጣጣ አያመጣም?»

ዘርፉ ማለች። በዚያው በአባቷ አጥንት ማለች። አዴ ኢፍቱም የዚያን ሰው ልጅ ፊት አይታ እሺ አለች። ዘርፉ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ «ቀነዓ ገመዳ፣ ወንድ፣ 16» ብላ ጻፈች። ስትወጣ አዴ ኢፍቱ ከኋላዋ ጠራቻት። «አባትሽ ወረቀቴን መልሶልኝ ነበር። አንቺስ ይህን ትመልሺልኛለሽ?» አለቻት። ዘርፉ «ይኼ እንኳ ቀበሌ ነው የሚቀመጠው፣ አዴ ኢፍቱ» ብላ እየሳቀች ሄደች።

ስኳሩ መጣ። አዴ ኢፍቱ በየወሩ ኮታዋን ስትወስድ ለዘርፉ የምርጥ ምርጥ ቲማቲም ይዛላት ትመጣ ነበር። ዘርፉም ትቀበላት ነበር።

በ1975 ሚያዝያ ላይ ጋሽ አብተው አንድ ቀን ጠዋት የራሱን የቤተሰብ ካርድ ይዞ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። ልየው ብሎ ቤቱ ወስዶት ነበር፤ ቀለሙ ፈሶ፣ ወረቀቱ ረጥቦ ደርቆ ተኮማትሯል። «እነዚህ ልጆች ውሃ ደፉበት። እህቴ፣ ገልብጪልኝ» አለና እሱ እያነበበ እሷ ጻፈች። የበኩር ልጁ ላይ ሲደርስ «አሥራ አምስት» አለ። አሥራ አምስት ብላ ጻፈች። የሰፈሩን ዕድሜ በቃሏ የምታውቅ ሴት ያንን ቁጥር ለምን አልመዘነችውም? የአባቷን ሬሳ የተሸከመ ሰው ላይ እርሳስ መምታት ነውር መስሏት ነው። አሮጌውን ካርድ ፊቷ ቀዶ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በሬዲዮ ተነገረ። ዘርፉ ሁለቱን ነገር አላገናኘችም።

ጥር 1976 ላይ ከላይ ቁጥር መጣ። ቀበሌው ይህን ያህል ጎልማሳ ያዋጣ ተባለ፣ ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት። ጋሽ አብተው የካርዱን ሳጥን አንሥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠው። «ከዚህ አውጪልኝ» አላት።

«ከስኳር ካርዱ?»

«ከሱ ነዋ። ሌላ ምን አለን?»

«ጋሽ አብተው፣ ከስኳርና ከዘይት አያልፍም ብለውኝ ነበር እኮ። እኔም ምዬ ነው የሰበሰብኩት።»

«ስኳሩን የሰጠው ማን ነው?» አላት፤ ድምፁ እንኳ አልተለወጠም። «የሰጠ ይጠይቃል።»

ዘርፉ ያን ቀን ሙሉ ስም ስትገለብጥ ዋለች። በዚያች ወረቀት ላይ የሰፈረው ስም ሁሉ እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ውሃ ጠጥታ፣ መሐላ ምላ ያመጣችው ነው። አዴ ኢፍቱ ካርድ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። አሥራ ስድስት፣ ከሁለት ዓመት በፊት። በካርዱ ቀነዓ አሥራ ስምንት ሞልቶታል። በእውነቱ አሥራ ስድስት ነው። ተነሥታ ወደ ጋሽ አብተው ገባችና እውነቱን ነገረችው፤ ሁለቱን ዓመት የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ላርመው አለችው።

ጋሽ አብተው በሩን ዘጋ። «በመንግሥት መዝገብ ሐሰት ጻፍኩ ነው የምትይኝ? እኔ አልሰማሁም። አንቺም አላልሽም። የመንግሥት መዝገብ አይፋቅም፣ እህቴ።» ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ወደ ጠረጴዛዋ መለሳት። ዘርፉ ፈራች። ሌላ ስም የለውም፤ ፈራች። ቀነዓ ገመዳ ብላ ጻፈች።

ስሙ በተለጠፈ ማግሥት አዴ ኢፍቱ ሦስት ሽማግሎች አስከትላ ቀበሌው ግቢ ገባች። ሽማግሎቹ ጎርፉን በዓይናቸው ያዩ፣ ልጁ ሲወለድ እርጥባን ይዘው የሄዱ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ቀጥሎ ሌላው መሰከሩ። ጋሽ አብተው በአክብሮት ሰማቸው፣ ወንበርም አስመጣላቸው። ከዚያ «አባቶቼ፣ ሽማግሌ ማኅተም የለውም። ካርዱ ግን አለው። በካርዱ ላይ ያለውን ቁጥር የተናገሩት ራሳቸው እናቲቱ ናቸው» አላቸው።

አዴ ኢፍቱ ዘወር ብላ ዘርፉን አየቻት። «እሷ ናት ያለችኝ» ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ያቺ የአቶ አስፋው ልጅ ራሷ ትናገራለች ብላ ጠበቀች። ዘርፉ አንገቷን ደፍታ፣ ያለቀ ደብዳቤ ላይ ብዕሯን ይዛ፣ ምንም አልጻፈችም፣ ምንም አልተናገረችም። አዴ ኢፍቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ልጆቹ በጠዋት መኪና ላይ ተጫኑ። ቀነዓ ከሁሉም ረጅም ስለነበር እናቱ ከሩቅ ታየው ነበር። መኪናው ወደ ሞጆ መንገድ ሲታጠፍ «ኢልመ ኮ! ልጄ!» ብላ አንድ ጊዜ ጮኸች፣ ከዚያ አልጮኸችም።

በማግሥቱ ዘርፉ በሄዱት ልጆች ካርድ ላይ «ዘማች» የሚል ቃል እንድትጽፍ ታዘዘች። ሳጥኑን ስታገላብጥ አንድ ንጹሕ ካርድ እጇ ገባ። ከሌሎቹ ሁሉ አዲስ ነው፣ ጥጉ አልተነካም። የጋሽ አብተው ቤት ካርድ ነው። በሰባ አራት የበኩሩን ልጅ ስትጽፈው አሥራ ሰባት እንዳለች አሁን ትዝ አላት፤ እናቱ «ንጉሡ ፋብሪካ ሊመርቁ የመጡ ሰሞን» ብላት፣ ዘርፉ ራሷ እርሳስ መትታ ያወጣችው ቁጥር ነው። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ መሆን ነበረበት። በካርዱ ግን በቀደመው ዓመት አሥራ አምስት ነው። ልጁም በዚያች ሰዓት ከቀበሌው አጥር ወዲያ ኳስ ይጫወታል፣ ድምፁ ይሰማታል።

ካርዱን ይዛ ገባች። «የመንግሥት መዝገብ አይፋቅም ብለውኝ ነበር» አለችው።

ጋሽ አብተው አየውና መለሰላት። «ምን ተፋቀ? ሥርዝ አለው? ድልዝ አለው? የማን ጽሕፈት ነው ይኼ?»

የእሷ ነው። ያ የሚያምረው፣ ከአባቷ የወረሰችው። ሰውዬው አዋጁ ሳይታወጅ ሰምቷል፣ የራሱን ልጅ አውጥቷል፣ ያወጣውም በእሷ እጅ ነው። የእሱ ካርድ በአንድ ጣሳ ውሃ ታረመ፤ የአዴ ኢፍቱ በሦስት ሽማግሌ አልታረመም። ዘርፉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ማለቷን ተወች። ለእሱ ምን ጎደለበት? ጓድ ቢሉትም ደመወዙ ያው ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይላሉ፤ እሷን ግን የጣላት ፈረስ ብቻውን አልነበረም፣ እሷም ሌላውን ተሸክማ ነው የወደቀችው።

አራት ዓመት አለፈ። ዘርፉ ሥራዋን አልለቀቀችም፤ የታመመች እናት ነበረቻት፣ ደግሞስ የት ትሄዳለች? ዕድሜ መቁጠሩን ግን ተወች። ሰው ሲጠይቃት «እርስዎ ያሉትን እጽፋለሁ» ትላለች። አዴ ኢፍቱ በየወሩ ለኮታ ትመጣለች። የዘማች ድርሻ ለቤተሰቡ ይሰጥ ስለነበር የራሷንም የቀነዓንም ትወስዳለች። ካርዷ ከሳጥኑ ይወጣል፣ ስኳሩን ትቀበላለች፣ ትሄዳለች። ሰላምታ የለም፣ ቲማቲም የለም። ከቀነዓ ሁለት ደብዳቤ መጥቶ ነበር፤ ከሰባ ሰባት ወዲህ ምንም የለም። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም።

ጥር 1980 ላይ አዲስ ትእዛዝ መጣ። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ወሬያቸው የጠፋ ዘማቾች ስማቸው ከካርድ ተሰርዞ ኮታቸው ይቋረጥ ተባለ። አዴ ኢፍቱ በተራዋ ቀን ስትመጣ ዘርፉ ቀዩን ብዕር ይዛ ነበር።

«አዴ ኢፍቱ» አለች፣ በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። «የቀነዓ ስም እንዲሰረዝ ታዝዣለሁ።»

አዴ ኢፍቱ ሰማቻት። ዘወር ብላ ወጣች። ዘርፉ ተቆጥታ የሄደች መሰላት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንድ የፈረስ ጋሪ ቀበሌው በር ላይ ቆመ፤ ባለጋሪው አንድ ጆንያ አውርዶ እያቃሰተ አስገባና ከጠረጴዛው ፊት ጣለው። አዴ ኢፍቱ ከኋላው ነበረች። የጆንያውን አፍ ፈታችው። ስኳር ነው። በዚያ ዘመን በአንድ ቦታ ያን ያህል ስኳር ያየ የቀበሌው ሰው የለም፤ ወረፋ ላይ የነበረው ሁሉ ተንጠራራ።

«ልጄ ከሄደ ጀምሮ የሱን ድርሻ አንድ ማንኪያ አልቀመስኩም» አለች አዴ ኢፍቱ። ድምፅዋ አልጮኸም። «ሲመጣ ይጠጣል ብዬ ነበር። አሁን ስሙ ይጥፋ አላችሁ። ሽማግሌ ይዤ ስመጣ አይፋቅም አላችሁኝ፣ ዛሬ ይፋቃል? እንግዲህ ስኳራችሁ ይኸው። ሙሉውን ውሰጂ። ልጄን መልሺ አልልሽም፣ ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ አንቺ ከየት ታመጪዋለሽ? ሁለቱን ዓመት ብቻ መልሺልኝ። በወለድኩበት ጻፊው።»

ዘርፉ እርሳስ አልመታችም። ካርዱን ሳበች፣ አሥራ ስድስቱን በቀዩ ብዕር ሰረዘችና አሥራ አራት ብላ ጻፈች። ከሥሩ «ሁለት ዓመት የጨመርኩ እኔ ነኝ፤ እናቲቱ እውነቱን ነግራኝ ነበር» ብላ ስሟን ከነአባቷ አኖረች፣ ፈረመችም። የቀነዓን ስም አልነካችም። ካርዱን አጣጥፋ በሁለት እጇ ለአዴ ኢፍቱ አቀረበችላት።

«ይዘውት ይሂዱ። የእርስዎ ነው» አለቻት።

አዴ ኢፍቱ ማንበብ ስለማትችል ባለጋሪውን አስነበበችው። እስከ መጨረሻው ሰማችው። ካርዱን ደረቷ ውስጥ ከተተች፣ አላመሰገነችም፣ አልረገመችም፣ የራሷን አንድ ኪሎ እንኳ ሳትወስድ ጋሪው ላይ ወጥታ ሄደች።

ጓድ አብተው ጫጫታውን ሰምቶ ከቢሮው ወጣ። ጆንያውን አየ፣ ወረፋውን አየ። «ይህ ሁሉ ስኳር የማን ነው?» አለ።

ዘርፉ ብዕሯን ከደነች።

«የኔ ነው» አለች። «እኔና እርስዎ ቀነዓን የሸጥንበት ነው።»